የጉሎው ዘር ሸማኔዎች

በዘልማር ምድር በዚያ ዓመት የተዘራው ጉሎ ሁሉ ሳይበቅል ሟሟ። ገበሬዎቹ አፈሩን ሲምሱ ያገኙት ቅባት የቀላቀለ ውኃ ብቻ ነበር። የዘሩን ሕዋሳት የሚያጥረው ስስ የቅባት መጋረጃ ሳስቷልና፣ እርጥበት በነካው ቁጥር ተቀድዶ የዘሩ ሕይወት ወደ ውጭ ይፈስ ነበር። ለዘር ከተቀመጠው የነገሥታት ጉሎ የቀረው አንድ ፍሬ ነው።

ንጉሥ አርዶሜል የጋሻ ጃግሬውን ልጅ ተርሚትን አስጠራ። «መጋረጃው በዘሩ ውስጥ የሚሸመንበትን ስፍራ ፈልጊ፤ ሸማኔዎቹንም ቀስቅሺ» አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መንገዱን የሚያውቀው የዘር ጎተራ ጠባቂው ባልጉዳ ብቻ ነው። ዘሩ የተበላሸው ግን በእሱ እጅ ሳለ ነው። ዓይንሽን ከእሱ እንዳትነቅዪ።»

«ንጉሡ ይሙት፣ አልነቅልም!» ስትል ማለች።

ሰውን ከአቧራ ቅንጣት የሚያሳንሰውን መጠጥ ጠጥተው፣ ሁለቱ ውኃ ውስጥ ወደተነከረው የመጨረሻ ፍሬ ገቡ። ተርሚት በቀንድ ዋንጫ የሸማኔዎቹ ምግብ የሆነውን የብርሃን ጤዛ ይዛለች። ሸማኔዎቹ ጤዛውን ከቅባቱ ጋር ያዋህዱታል፤ ስለዚህ መጋረጃ የሚሸመንበት ግድግዳ ሁሉ ያበራል።

ሽማግሌው ባልጉዳ በጠባብና በተጠማዘዙ ቦዮች አሳልፎ፣ የዘሩ ኃይል ከሚነድድባቸው ምድጃዎች ፊት አቆማት። «እዚህ ነው» አለ። «ከሠላሳ ዓመት በፊት መምህሬ ቀድሞኝ ገብቶ ጤዛውን አፈሰሰ። እኔ ስደርስ የምድጃው ግድግዳ ቦግ ብሎ በርቶ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ተርሚት ጤዛውን ሦስት ጊዜ አንጠባጠበች። ግድግዳው እንደ ጠቆረ ቀረ።

«ትንሽ እንታገሥ፣ ልጄ» አላት።

ይህች ቃል ተርሚትን አጠራጠረቻት። ከውጭ፣ በውኃው ክብደት የተወጠረው መጋረጃ ሲያቃስት ይሰማል። ጊዜ የሚገዛው ለምንድን ነው? ለማን? ሰይፏን መዘዘች። «አባ ባልጉዳ፣ እጅዎን ያምጡ!»

ሽማግሌው ሳይከራከር እጁን ዘረጋ። አለመከራከሩም አጠራጠራት። ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

ቀና ስትል ከኋላቸው ጭላንጭል አየች። በመጡበት ቦይ ላይ ከቀንዱ ሾልኮ የተንጠባጠበው ጤዛ ያበራል። ሽማግሌውን እየጎተተች ተመለሰች። ዓይን የሌላቸው ሸማኔዎች በራሱ በቦዩ ግድግዳ ውስጥ ተሰክተው፣ ከረሃብ ብዛት እጃቸው እየዛለ፣ ጤዛውንና ቅባቱን ይሸምናሉ። ወዲያው አንድ ብሩህ ቁራጭ ከግድግዳው ተላቅቆ ተንሳፈፈ፤ ሄዶም ምድጃው ላይ ተለጠፈ። ያን ጊዜ ምድጃው በራ።

ባልጉዳ የታሰሩ እጆቹን ወደ ሸማኔዎቹ ዘረጋ። «ለካ ዘግይቼ ነው የደረስኩት! ያየሁት እዚህ ተሸምኖ የሄደውን ነው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ እየገባሁ፣ ጤዛውን ምድጃው ላይ አፍስሼ መብራቱን ሳልጠብቅ እመለስ ነበር። እነዚህን ያስራብኳቸው እኔ ነኝ።»

ተርሚት ፊቱን መረመረች። ይህ እንባ እውነት ነው ወይስ ሌላ ወጥመድ? መወሰን አቃታት።

በዚያው ቅጽበት የውጭው መጋረጃ ተተረተረና ውኃው ጎረፈ።

«እጄን ፍቺልኝ!» ብሎ ባልጉዳ ጮኸ። ተርሚት መሐላዋን አስባ አመነታች። እሱ ግን አልጠበቃትም። እንደ ታሰረ ሮጦ ጀርባውን ቀዳዳው ላይ ለጠፈ። «አፍስሺ! ሁሉንም፣ እዚያው ቦዩ ላይ!»

አፈሰሰች። ሸማኔዎቹ ነቁ፤ ብርሃን የለበሰው ጨርቅ እየተግተለተለ ወደ ቀዳዳው ነጎደ። ማሰሪያውን ልትቆርጥ ጩቤዋን ይዛ ስትደርስ መጋረጃው ሽማግሌውን በውስጡ ይዞ ተዘግቷል። በስስ ቅባቱ በኩል የታሰሩት እጆቹ ይታዩ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ፍሬው በቀለ።

ንጉሡ በሕዝብ ፊት፣ «ከሃዲው ዋጋውን አገኘ!» ብሎ አወጀ።

«ከሃዲ አልነበረም፣ ጃንሆይ» አለች ተርሚት። «የተሳሳተ ሰው ነበር፤ ስሕተቱን ባየባት ቅጽበት ነፍሱን ሰጠ። ቀድሜ ፈትቼው ቢሆን ይተርፍ ነበር። እጁን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

እሷም ሰይፏን አስረክባ የጎተራውን ቁልፍ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወደ ዘሩ ትገባለች፤ ጤዛውን በገዛ እጇ ቦዩ ላይ ታፈስሳለች። የሰው ቃል ቀርቶ የአምናውን ትዝታዋን እንኳ ሳታምን፣ ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምሮ ዓይኗን ሳትነቅል ትመለከታለች።