ከባዶው ወንበር የመጣ ትንፋሽ

"መድኃኒቱ ነው ያዞራት" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል! የደረሰብኝ ግን ደርሶብኛል... ጨምሬም ቀንሼም አልነግራችሁም።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ተለጥፋለች፤ ከታች መንገዱ ላይ ሰው ይንጫጫል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ሁለት የስፌት መኪናዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ የኔ ነው። ሌላውን፣ ቤቱን ስንከራይ ከነወንበሩ እዚያው አገኘነው፤ ማንም አይሰፋበትም። ታላቅ እህቴ ከጎን ባለው ክፍል ትተኩሳለች።

አስም አለብኝ። የጨርቅ ብናኝ ደግሞ አይምረኝም። ሐኪሙ ለአለርጂው ማታ ማታ የምውጣት አንዲት ክኒን ጨመረልኝ። ደረቴ ቀለለኝ... እንቅልፌ ግን ጠፋ። ቅዠት፣ ላብ፣ በትንሽ ትልቁ ቱግ ማለት። እህቴማ "ዛሬስ ማንን ልትበዪ ነው?" እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ያን ቀን እየሰፋሁ ሰማሁት።

ሲርር... ሲርር...

የራሴ ደረት መሰለኝ። በአፌ የምስበውን ስፕሬይ ሁለቴ ሳብኩ። አልቆመም።

እኔ በግምት አልሠራም። ሜትሬን ደረቴ ላይ ጠመጠምኩና ትንፋሼን ያዝኩ። ዘጠና ሁለት። ሜትሩ ንቅንቅ አላለም።

ሲርር...

ከፊት ለፊቴ ነው። ከባዶው ወንበር!

የወንበሩ ትራስ መሃሉ ጎድጉዷል... ሰው የተቀመጠበት ያህል።

"እትዬ..." አልኩ በሹክሹክታ። "ነይማ..."

እህቴ ካውያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

"ይሰማሻል?"

"ምኑ?"

"ሲር ሲር የሚለው..."

"ምንም የለም! ክኒኑ ነው። በቃ ጣዪው፣ በናትሽ!" ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ጥዬ አይተነው የለ?"

አምና የቀድሞውን መድኃኒት በገዛ ሥልጣኔ አቁሜ፣ ከንፈሬ ጠቁሮ፣ በጀርባዋ አዝላኝ ነው ደረጃውን የወረደችው።

ለሐኪሙ ደወልኩ። አልሳቀብኝም። "አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ እንኳን ነገርሽኝ። ነገ ነይና እንቀይረዋለን። ስፕሬይሽን ግን እንዳታቋርጪ" አለኝ።

ተቀየረልኝ። በሳምንቱ ቅዠቱ ለቀቀኝ፤ ቱግታዬም በረደ።

ሲርሲርታው ግን አልሄደም።

በየቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ... እያጠረ... እየጠበበ... ያንን ድምፅ አሳምሬ አውቀዋለሁ። አየር ያጠራት ሴት ትንፋሽ ነው።

"ቤቱን እንልቀቅ" አለች እህቴ።

"የትም አልሄድም!"

አምና ሞትን ደረጃው ላይ ጥዬው የተመለስኩ ሴት፣ ዛሬ ከወንበር ልሽሽ?

ዓርብ ዕለት ንድድ አለኝ። ተነስቼ ባዶው ወንበር ፊት ለፊት ቆምኩ።

"ስሚ!" አልኩ። "ሥራዬም የኔ ነው፣ ትንፋሼም የኔ ነው። አንዱንም አላስነካሽም!"

ሲርር...

ወደኋላ አላልኩም። መጠባበቂያ ያስቀመጥኩትን አዲስ ስፕሬይ ከመሳቢያ አወጣሁና ባዶው መኪና ላይ ቋ አድርጌ አስቀመጥኩት። ጀርባው ላይ ገና ስንት ጊዜ እንደሚሳብ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሁለት መቶ ይላል።

"አየር ከሆነ የቸገረሽ፣ ይኸው። የኔን ግን ተይኝ!"

ቆልፌ ወጣሁ። ቁልፉ ከኪሴ አልተለየም።

ሰኞ ከእህቴ ጋር ከፈትን። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆነ... ጸጥ። ሲርሲርታ የለም።

ስፕሬዩ እዚያው ነው። ክዳኑ ግን ተከፍቷል።

መቶ ዘጠና ስምንት።

"አንቺ ነሽ... አይደል?" አለች እህቴ በሹክሹክታ።

"አይደለሁም።"

ካውያዋን ጥላ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። አልፈርድባትም። እኔ ግን ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። የሰው ቀሚስ ለዛሬ ይደርሳል ብዬ ቀጥሬያለሁ። ሜትሬን ላነሳ እጄን ወደምሰቅልበት ምስማር ሰደድኩ።

የለም።

ቀና አልኩ።

ሜትሬ ከባዶው ወንበር በላይ፣ በደረት ልክ፣ አየር ላይ ተጠምጥሟል... ቀስ ብሎ ይሰፋል... ቀስ ብሎ ይጠባል...

መኪናዬን አልለቀቅኩም።

"ስትጨርሺ መልሺልኝ" አልኳት። "ሥራ አለኝ።"

ሜትሩ ባለበት ቀጥ አለ... ትንፋሹን እንደያዘ ሰው።