እህል ቤት የተቆለፈበት ጥያቄ

ማ ሴቱንያ፣ «ማ» በእኛ ዘንድ ለሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው፣ የልጆችን አፍ በማስከፈት የታወቀች መምህር ነበረች። በሞሮካኔ መንደር ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ስታስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷታል። ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ የማሽላው ገንፎ ከተበላ በኋላ፣ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ታስጠጋና ልጆቹን መሬት ላይ በግማሽ ክብ ታስቀምጣቸዋለች፤ ልክ ትልልቆቹ በጎትላ፣ በመንደሩ ሸንጎ፣ እንደሚቀመጡት። አንዱ ልጅ ጥያቄ ያነሳል። የእንጨት ጭልፋውን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ንግግር የሚጀመረው «እስማማለሁ፣ ምክንያቱም» ወይም «አልስማማም፣ ምክንያቱም» ተብሎ ነው። መምህሯ መልስ አትሰጥም። ሥራው ቀላል የሚመስለው ካለ አንድ ቀን ምላሱን ነክሶ ይሞክረው።

ልጆቹ ታዲያ የማይጠይቁት አልነበረም። ለውሻችን ሌላ ስም ብናወጣለት ሌላ ውሻ ይሆናል? የሞተ ጓደኛ አሁንም ጓደኛ ነው? ማንም ያላየው ስርቆት ስርቆት ነው? በእኛ አገር ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አፉን ከከፈተ «ይቺን ደግሞ ማን አስተማራት?» ይባላል። ማ ሴቱንያ ክፍል ውስጥ ግን ጥያቄ ያነሳ ልጅ ይከበር ነበር። ከሁሉም ይበልጥ የምትጠይቀው ቼኖሎ ነበረች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እናቷ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተጠበሰ ሊጥ የምትሸጥ።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ራ ሞዋጊ፣ «ራ» ደግሞ ለወንድ ነው፣ እጃቸውን እያፋተጉ መጡ።

«ማ ሴቱንያ፣ የሚቀጥለው ዓርብ ያንቺ ነው። ከከተማ እንግዶች ይመጣሉ። ይህን የጥያቄ ሰዓትሽን ሊያዩ ነው። ከወደዱት ከተማ ገብተሽ መምህራን የምታሠለጥኚው አንቺ ነሽ።»

«ደስ ይለኛል፣ ራ።»

«ጥያቄው ምን ይሁን?»

«እሱን ልጆቹ ናቸው የሚያመጡት።»

«አይ አይ አይ። ልጅ ምን እንደሚያመጣ ይታወቃል? ‹ውሸት ሁልጊዜ ክፉ ነው ወይ?› ይሁን። መልሱንም አስጠኛቸው።»

«ራ፣ መልሱ ከተጠና እኮ ጥያቄ መሆኑ ቀረ።»

«አንቺ ደግሞ! ሙሽራ እንኳ ለሠርጓ ጭፈራ ትለማመዳለች። የመንደሩን ስም ለማስጠራት ነው እንጂ ለእኔ ነው እንዴ?»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ከተማ የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ነበር። ማታውን ቁጭ ብላ በሠላሳ አንድ ወረቀት ላይ ሠላሳ አንድ ንግግር ጻፈች። ማን እንደሚስማማ፣ ማን እንደማይስማማ፣ ማን ሐሳቡን እንደሚቀይር ሳይቀር ወሰነች። ኦራቲሌ ለሚባለው ልጅ ንግግሩን ከጻፈችለት በኋላ በቅንፍ አንድ ነገር ጨመረችለት፤ እያሰበ እንዲመስል። ልጆችን ማሰብ ስታስተምር የኖረች ሴት!

ረቡዕ ዕለት ልምምዱ ተጋምሶ ሳለ ቼኖሎ እጇን ዘረጋችና ጭልፋውን ተቀበለች።

«ማ፣ ጥያቄ አለኝ።»

«ያንቺ ወረቀት ላይ ጥያቄ የለም። ያንቺ ሁለተኛው ‹እስማማለሁ› ነው።»

«ይሄ የራሴ ነው። መልሱን እያወቅን የማናውቅ መምሰል ውሸት ነው?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከተጠየቁት ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ እንደሆነ ማ ሴቱንያ ወዲያው ገብቷታል። ገብቷት ነው እንግዲህ እንዲህ ያለችው፤

«አፍሽ ከዕድሜሽ ቀደመ። ጭልፋውን አስቀምጪ።»

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ በፊት በዚያ ክፍል በጥያቄ ተስቆ አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ማ ሴቱንያ የቼኖሎን እጅ ይዛ፣ ከኋላ ደግሞ ምላሳቸው የሚተሳሰርባቸውን ሦስት ልጆች አስከትላ፣ የትምህርት ቤቱ እህል ቤት ጋ ወሰደቻቸው። የማሽላ ጆንያና የባቄላ ጆንያ የተደረደረበት፣ የአይጥ ሽታ ያለው ክፍል ነው።

«እዚህ ባቄላ ልቀሙ። ስጨርስ እመጣለሁ።»

«ምን አጥፍተን ነው፣ ማ?» አለች ቼኖሎ።

ማ ሴቱንያ በሩን ዘጋችና ቁልፉን አዞረች። ሴቲቱ በጭካኔ የምትታወቅ አልነበረችም። ታይታ የያዘው ሰው ግን እጁ ምን እንደሚሠራ አያይም።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ፤ ዋናው ከረቫት ያሠሩ ወፍራም ሰው። ልጆቹ በግማሽ ክብ ተቀመጡ። ጥያቄው ተነሳ፣ ጭልፋው እንደተጻፈለት ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሁሉም እንደ ውኃ ፈሰሰ። ከዚያ ተራው የኦራቲሌ ሆነ። ልጁ ተነሥቶ ደረቱን ነፋና በአንድ ትንፋሽ እንዲህ አለ፤

«አልስማማም፣ ምክንያቱም በሽተኛ ለማጽናናት የሚዋሽ ሰው አለ፣ እዚህ ላይ ጭንቅላትህን እከክና ትንሽ አስብ፣ ስለዚህ ውሸት ሁሉ እኩል አይደለም።»

ይህን ብሎ ጭንቅላቱን አከከ።

ማ ሴቱንያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ራ ሞዋጊ ሳል ያዛቸው። ዋናው እንግዳ ግን ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም። ደብተራቸው ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ጻፉ፤ ሌሎቹም አጨበጨቡ።

ከዚያ ለእንግዶቹ የተቀጠቀጠ የበሬ ሥጋ ቀረበ። ሰውየው ሥጋውን በእጃቸው እየጠቀለሉ ወደ ማ ሴቱንያ ጠጋ አሉ።

«የልጁን ቅንፍ ብታወጪለት ኖሮ እንከን አይወጣለትም ነበር። አይዞሽ፣ በየትምህርት ቤቱ የማየው ነው። እንዲያውም ያንቺ ይሻላል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሌሎቹን መምህራን የምታሠለጥኚው አንቺ ነሽ።»

ሰውየው ያውቁ ነበር። አውቀው ነው ያጨበጨቡት። ከንፈራቸው ላይ የሚያብረቀርቀውን ስብ አየችና እሳቸውንም ራሷንም አንድ ላይ ተጸየፈች። ወጥታ እህል ቤቱን ከፈተች። አራቱ ልጆች አንድ ትልቅ ሳፋ ባቄላ ለቅመዋል። አንዳቸውም ቀና አላሉም።

በሚቀጥለው ዓርብ እንደ ድሮው ወንበሮቹን አስጠጋች።

«እሺ፣ ዛሬ ማን ጥያቄ አለው?»

«ወረቀቱን መቼ ነው የሚሰጡን?» አለ ኦራቲሌ።

«ወረቀት የለም። የራሳችሁን።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወጥመድ መስሏቸዋል። ጭልፋውን ራሷ አንሥታ ለቼኖሎ ሰጠቻት። ልጅቷ ተቀብላ ቆመች፣ ጭልፋውን አገላብጣ አየች፣ ከዚያ በለሆሳስ፣

«የትኛውን ልበል፣ ማ?» አለች።

ያን ቀን ከክፍል ስትወጣ የቼኖሎ እናት በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ማ ሴቱንያ፣ ልጄ ምን ሆነችብኝ? ያቺ ለፍላፊ ቤት ውስጥ ዝም ብላለች። ‹ዛሬ ምን ጠየቃችሁ?› ስላት ‹ጥያቄ ያለው ሰው ባቄላ ይለቅማል› አለችኝ። ትኩሳት ነው ብዬ ግንባሯን ስነካ ነው የሰነበትኩት።»

ማ ሴቱንያ እውነቱን ሳትነግራት አለፈች።

ቅዳሜ መንደሩ በጎትላ ተሰበሰበ። ራ ሞዋጊ ተነሥተው የምሥራቹን ነገሩ፤ ትምህርት ቤታችን ምሳሌ ተብሎ ተመረጠ፣ ማ ሴቱንያም ከተማ ልትገባ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። የመንደሩ አለቃ «እስቲ ትናገር» አሉ። በጎትላ የተነገረ ቃል ሁሉ ያማረ ነው ይላል የእኛ ሰው፤ መራራም ቢሆን ይደመጣል ማለቱ ነው።

ማ ሴቱንያ ተነሣች።

«አልሄድም» አለች። «እንግዶቹ ያዩት ጥያቄ አልነበረም። መልሱን እኔ ጽፌ አስጠናኋቸው። እውነተኛ ጥያቄ የጠየቀችኝን ልጅ ደግሞ እህል ቤት ቆለፍኩባት።»

ራ ሞዋጊ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ይህ ሁሉ ሰው ባለበት!»

«ይህ ሁሉ ሰው ስላለ ነው፣ ራ። እርስዎ አዘዙኝ፣ እኔም አደረግኩት። እንግዳውም ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው አሉኝ። ሥራዬ ነው፣ ታዝዤ ነው።»

ከሴቶቹ መካከል፣ ከእናቷ ጉልበት አጠገብ፣ ቼኖሎ ቆመች። ልጅ በጎትላ አይናገርም። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

«ቁጭ በይ፣ አንቺ!»

«ይተዋት፣ አባቴ» አለች ማ ሴቱንያ። «አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ልስማት።»

አለቃው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ልጅቷ ጭልፋ ስላልነበራት እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፋት፤ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች።

«አልስማማም፣ ማ» አለች። «ምክንያቱም እጄን ይዘው ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። ቁልፉንም ያዞሩት እርስዎ ነዎት። ራ ሞዋጊ አልነበሩም።»

አንዳንዱ የመምህሯን ቁጣ ጠበቀ። ማ ሴቱንያ ግን ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ልክ ነሽ» አለች። «እኔ ነኝ። ማንም አይደለም።»

ራ ሞዋጊ ለረጅም ጊዜ አኮረፏት፤ ከተማም ሌላ ሰው ተላከ፣ ምናልባት ቅንፉን ማውጣት የሚያውቅ። እናንተ ልጅ የምታሳድጉ፣ የምታስተምሩም፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለእንግዳ ስትሉ የልጃችሁን አፍ በራሳችሁ ቃል አትሙሉት። ልጅ የሚያስበው ሐሳብ ለታይታ አይሆንም፤ ይንተባተባል፣ ያሳፍራል፣ አንዳንዴም የሚያፋጥጠው እናንተን ነው። የእህል ቤቱ ቁልፍ ያለው በእያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ ማ ሴቱንያ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋችና ከልጆቹ እኩል መሬት ላይ ተቀመጠች። ረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም፤ እሷም ምላሷን ነክሳ ጠበቀች። በመጨረሻ ቼኖሎ እጇን ለጭልፋው ዘረጋች።