የጉልላት ክራቫት

ጉልላት የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ስቲል ጊታሩ ጭኑ ላይ ተጋድሟል፤ በክሮቹ ላይ የሚያንሸራትታት ወፍራም ብረት በግራ እጁ ጣቶች መሐል ተወትፋለች፤ ጥግ ያለው የድምፅ ማጉያ የባለቤቱን ሞት ያልሰማ ይመስል እምም ይላል። ሰማያዊ ኮቱ ከላይ እስከ ታች ተቆልፏል። ክራቫቱ እስከ ጉሮሮው ጠብቋል። ግራ እጁ ላይ የብር አምባርና የጋብቻ ቀለበት ያበራሉ። ለሰርግ የተጠራ እንጂ መቃብር የሚቆፈርለት ሰው አይመስልም ነበር።

መቶ አለቃ ነገሬ ከኮልፌ ተጠርቶ ቀራንዮ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቀኑ ጥር 27 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ የመድኃኔዓለም ዕለት ነው። የጉልላት ሚስት ብርቅዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነበር ባሏን እንዲህ ያገኘችው። ጩኸቷን ሰምቶ የተሰበሰበው ጎረቤት ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ «ኤሌክትሪክ ያዘው።»

ነገሬ ማጉያውን አጠፋ። ዝምታው ከእምምታው ባሰ።

ደጃፉ ላይ አንድ ወጣት ራሱን በጉልበቶቹ መሐል ቀብሮ ተቀምጧል። ከጉልላት ጋር በአንድ ባንድ የሚዘፍነው ዳኛቸው ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ይሰሩኝ ጌታዬ» አለ ቀና ሳይል።

«በምን ገደልከው?»

«ማጉያው ሲነዝረው ከረመ። እኔ እጠግነዋለሁ ብዬ ወሰድኩት። ሽቦውን በገዛ እጄ ቀየርኩት። ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ አምጥቼ ሰክቼለት፣ "አሁን አትፍራ" ብዬው ሄድኩ።» ግንባሩን ከመቃኑ ጋር ማጋጨት ጀመረ። «አትፍራ አልኩት! አትፍራ አልኩት!»

ነገሬ ሁለት ፖሊሶች ጠርቶ እንዲይዙት አዘዘ። ለማሰር ሳይሆን ራሱን እንዳይጎዳ ነበር።

ከዚያ ወደ ሬሳው ተመለሰ። መዳፎቹን ገልብጦ አየ፤ የቃጠሎ ምልክት የለም። ጊታሩን አየ፤ ማጥበቂያው ስድስት፣ ክሩ ግን አምስት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ነበር፤ ጉልላት በዚሁ ኮት፣ በዚሁ ክራቫት፣ አምባሩና ቀለበቱም ሳይቀሩ፣ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ፈገግ ብሏል። ነገሬ ከፎቶው ወደ ሬሳው፣ ከሬሳው ወደ ፎቶው ደጋግሞ ተመለከተ።

ብርቅዬ ጓዳ ውስጥ ሴቶች ደግፈዋት ተቀምጣለች። ድምፅዋ አልቋል።

«ወይዘሮ ብርቅዬ፣ ያስቸገርኩ እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ። ባለቤትዎ ሁልጊዜ ኮቱን ቆልፎ ነው የሚጫወተው?»

ሴትዮዋ ቀና አለች። በተከፈተው በር ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ገና አሁን ያየችው መሰለች።

«ማን ነው ያለበሰው?»

«ከቤት ሲወጡ እንዲህ አልነበረም?»

«በሸሚዝ ነበር! እጅጌውን ጠቅልሎ! ጌታዬ፣ እሱ ሲጫወት ገላው ላይ ምንም አይፈልግም። አምባሩ ክሮቹን እየነካ ያንኳኳል፤ ቀለበቱ ብረቷን ይመታል፤ የኮቱ ቁልፍ የጊታሩን ጀርባ ይፍቃል። ክራቫትማ አንድ ጊዜ ዘፈን መሐል ክሮቹ ላይ ወድቆ ድምፁን አፍኖበት ከዚያ ወዲህ አስሮት አያውቅም።»

«ፎቶው ላይ ግን አስሯል።»

«ያማ የፎቶ አንሺው ሥራ ነው። "ያምርብሃል" ብሎ ያለውን ሁሉ ጫነበት። ጉልላት ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ። "ደግነቱ ፎቶ ድምፅ የለውም" ይለኝ ነበር።» ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

«አንድ ክር ጎድሏል።»

«ስወጣ ሊቀይረው አዲሱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ ክር የለም። ነገሬ ክራቫቱን ቀስ ብሎ አላላ፤ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ። ከጉሮሮው በታች፣ ዙሪያውን፣ እንደ ክር የቀጠነ የጠቆረ ሰንበር ታየው። ሸሚዙን መልሶ ቆለፈውና ለማንም ሳይናገር ወጣ።

በግቢው መሐል ዳስ ተጥሏል። የሟች ታላቅ ወንድም አቶ ወልደሰንበት ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ እጃቸውን ከውስጥ ቀብረው፣ ከዳሱ ሥር ተቀምጠዋል። ቤታቸው ከጉልላት ቤት ፊት ለፊት ነው።

«ሬሳ አያድርም» አሉ ሳይጠየቁ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራል። ቄሶቹን ልኬባቸዋለሁ።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዳሱ በምን ፍጥነት ቆመ?»

«ለሰርግ የቆመ ነው። ለብርቱካን፣ ለልጄ። ለእሑድ ነበር። የሙሽራው ወገኖች ትናንት ሽማግሌ ልከው አፈረሱት። "አጎቷ አዝማሪ ነው" አሉ።»

«ለወንድምዎ ነገሩት?»

«ምን ብዬ? ያ ጊታር የሚሉት ዕቃ ከገባ ጀምሮ ያን ደፍ አልረገጥኩም። ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ዛሬም በሩ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት።»

የማድቤቱን ጎን የተከራዩት እማማ ጤናዬ ጠዋቱን ሙሉ ደጃፋቸው ላይ እህል ሲለቅሙ ውለዋል።

«ማን ገባ እማማ?»

«ያ ዘፋኙ ልጅ። ብዙም አልቆየ። እሱ ከሄደ በኋላ እንኳ የጉልላትን ጨዋታ ሰምቻለሁ።»

ነገሬ ቀና አለ። «ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አልመጣም?»

«ማንም።»

«የግቢው ሰውስ?»

አሮጊቷ ተቆጡ። «የቤት ሰው መጣ ይባላል እንዴ? ወንድም ወንድሙ ቤት ቢገባ ይቆጠራል?»

ስምንት ሰዓት ላይ ነገሬ ሁሉንም ሬሳው ወዳለበት ክፍል አስጠራ። ዳኛቸውን ሁለቱ ፖሊሶች ደግፈው አስገቡት። ብርቅዬ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አቶ ወልደሰንበት «ቀብር ሊዘገይ ነው» እያሉ ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ብርቱካን ከኋላቸው ነበረች።

«ዳኛቸው፣ ቀና በል» አለ ነገሬ። «አንተ አልገደልከውም። አንተ ከሄድክ በኋላ በዚያው ማጉያ ሲጫወት ተሰምቷል። ኤሌክትሪክም አልነካውም።»

ዳኛቸው ቀና ብሎ ሬሳውን አየ፤ ነገሬ ግን ወደ ሌሎቹ ዞረ።

«ጉልላት የሞተው በጊታር ክር ታንቆ ነው። ሊቀይረው ባወጣው ክር። ገዳዩ ሰንበሩን ሲያይ ደነገጠ፤ በምን ይሸፍነው? ዐይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። ፎቶው ላይ ያለው ጉልላት አንገቱ ድረስ ለብሷል። እንደዚያው አለበሰው፤ ክራቫቱን፣ ኮቱን፣ አምባሩን፣ ቀለበቱን። ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመ፤ ማጉያውን አበራ። ይህ ማጉያ እንደሚነዝር ግቢው ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለች ብርቅዬ።

«እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ አምባር አያደርጉለትም ነበር። ዳኛቸውም ቢሆን ክራቫት አያስርለትም። ሲጫወት ያየ ሰው እንዲህ አድርጎ አያስቀምጠውም። ፎቶውን ያመነ አንድ ሰው ነው፤ አጠገቡ እየኖረ ሲጫወት አንድ ቀን ያላየው።»

አቶ ወልደሰንበት ጋቢያቸውን ይበልጥ ተከናነቡ። «ቀራንዮ ሙሉ ሲጫወት አላየውም።»

«እውነት ነው። ግን ቀራንዮ ሙሉ ዛሬ ጠዋት እዚህ ቤት አልገባም። እማማ ጤናዬ እርስዎን አይተዋል።» ነገሬ ጊታሩን አንስቶ ሽማግሌው ጭን ላይ አስቀመጠው። «እስቲ ይያዙልኝ።»

አቶ ወልደሰንበት እጃቸውን ከጋቢው አላወጡም። ጊታሩ ተንሸራተተ። ወለሉ ላይ ሊከሰከስ ሲል ሁለት እጆች ከጋቢው ፈልቅቀው ወጡና ያዙት። በሁለቱም መዳፍ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ስስ ክር የቀደደው ቁስል ነበር።



«ለመንኩት» አሉ ሽማግሌው፣ ጊታሩን እንደ ሕፃን እንዳቀፉ። «እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቱ ነበር፤ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። "ሽማግሌዎቹ ፊት ጊታሩን ትቼዋለሁ በል፣ ለልጄ ስትል" አልኩት። "ብርቱካን ልጁን አትወደውም፤ ሰርጉ መቅረቱን ስትሰማ እዚህ መጥታ በደስታ አለቀሰች" አለኝ። ዋሸ አልኩ። ልጄን ከእኔ ሊነጥቅ ነው አልኩ። ክሩ እጄ ላይ ነበር... ሌላውን አላውቀውም።»

ብርቅዬ ወደ ወለሉ ተንሸራትታ ተቀመጠች። ዳኛቸው ሲንሰቀሰቅ ትከሻዋን ያዘ፤ ነፃ መውጣቱ ምንም አላቀለለለትም።

ነገሬ ጊታሩን ከሽማግሌው እቅፍ ተቀበለና እጃቸውን በካቴና አሰረ። ግቢው ውስጥ ለቀብር የተሰበሰበው ሰው መንገድ ለቀቀ። ከመኪናው አጠገብ ብርቱካን ሮጣ ደረሰችባቸው። አባትዋ ፊታቸውን አዞሩ።

«አባዬ፣ አልዋሸም» አለች። «ልጁን አልወደውም ነበር። እነግርሃለሁ እያልኩ እፈራህ ነበር።»

ፖሊሶቹ አቶ ወልደሰንበትን ደግፈው መኪናው ውስጥ አስገቧቸው። ልጅቷ የመኪናውን በር ይዛ አልለቅም አለች።

«አሁን ለማናችሁ ላልቅስ?»

ነገሬ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከበሩ አላቀቀ። ከሃያ ዓመት የፖሊስነት ሥራው ውስጥ እንደዚያ የከበደው ሥራ አልነበረም።