ለአንድ ቴሌቪዥን ብቻ

ለመጋረጃ ድርጅቱ ቤቷ ሆና የምትሰፋው ሰፊዋ ወደ ቢሮው የገባችው ለጠብ ነበር። ክንዷ ላይ በአጭሩ የተቆረጠ መጋረጃ አንጠልጥላለች።

«ድረ ገጹን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ቴክኒሻኑ። ከቅጥነቱ የተነሳ ቢሮው ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል።

«እንግዲያው ይቺን ቤትህ ስቀላት። ቁጥሩ ከቲቪዬ ጠርዝ ውጭ ቀርቶ፣ ሁለት ሜትር ከሰማንያውን ሁለት ሜትር ብዬ ቆረጥኩት።»

«ቲቪ? ትእዛዝ የምታዪው በቲቪ ነው?»

«ሁለቱም እጄ ስፌት መኪናው ላይ ነው። ስልኩን በጥርሴ ልያዘው?»

ሽቦ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር። ዐይኗን ሲያይ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው ሁሉ ሳያውቀው ራሱን ያስተዋውቃል። ጥያቄው የሚያልፈው በየከተማው የገጽ ቅጂ በሚያስቀምጡ አከፋፋይ ሰርቨሮች በኩል ነው። እነሱም «ሄደር» የሚባሉ አጫጭር መስመሮች ይለጥፉበታል፦ ይሄ ስልክ ነው፣ ያ ኮምፒውተር ነው፣ የመጣው ከዚህ ከተማ ነው። ስም የለ፣ መልክ የለ።

ሽቦ ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ሲበረብር፣ ከከተማው የገጹ ተጠቃሚ ሁሉ በቲቪ የሚመጣ አንድ ብቻ አገኘ። ልቡ ለምን እንደዘለለ ግን የትኛውም ሄደር አልነገረውም።

በማግስቱ ለቲቪ የሚሆን ባለ ትልልቅ ፊደል ገጽ ሠራላት። ከግርጌውም አንድ መስመር ጨመረ፦ «ደህና አደርሽ? ዛሬስ ቁጥሩ በሙሉ ይታያል?»

መልሱ በትእዛዝ ማስታወሻው ላይ መጣ፦ «ይታያል። ደህና ነህ?»

በሪሞት ፊደል እየለቀሙ ይህን ለመጻፍ ስልሳ ጊዜ ያህል መጫን ያስፈልጋል። ሽቦ ቆጥሮታል። ስልሳ ጊዜ የተጫነለት ሰው እንዴት አድርጎ ሥራውን ይሥራ?

አራት ወር እንዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት በቲቪው ላይ ይቀላለዳሉ፤ የተሰፋውን ልታስረክብ ቢሮ ስትመጣ ግን ሁለቱም ስለ ጠርዝ ስፌት አውርተው፣ ጆሯቸው ቀልቶ ይለያያሉ።

አንድ ሐሙስ ገና ሳይነጋ ሽቦ ጨከነ። አዲስ ገጽ ሠርቶ፣ ለቲቪ ብቻ እንዲታይ አዝዞ፣ መሃሉ ላይ ጻፈ፦ «ካንቺ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። ምን ትያለሽ?»

አከፋፋይ ሰርቨር ደግሞ ታታሪ ሰነፍ ነው። አንዴ ያመጣውን ገጽ ቅጂውን ያስቀርና ለሚቀጥለው ሰው ያንኑ ያድላል። «ሄደሩን አይተህ ለያይ» ካላሉት ስልክም ቲቪም ለሱ አንድ ናቸው። ሽቦ ለድሮው ገጽ ይህን ነግሮት ነበር፤ ለአዲሱ ግን በልቡ ድለቃ ተጠምዶ ረሳ። ማለዳ ቲቪው ገጹን ከፈተ፣ ቅጂው ተቀመጠ፣ ከዚያም ለከተማው ሁሉ ታደለ።

ረፋድ ላይ ሥራ አስኪያጇ ከቢሮዋ ብቅ አለች።

«አንተ ሽቦ! መጋረጃ ሊያዝዝ የገባውን የሆስፒታል ግዢ ኃላፊ ካንቺ ጋር መኖር እፈልጋለሁ ብለኸዋል!»

«ኧረ! ምን አለ?»

«ላስብበት አለ።»

ይህ እንኳ በሳቅ አለፈ። ሰፊዋ ቤት ግን አክስቷ ስልካቸውን እያውለበለቡ ገቡ።

«ጉድ በይ! የመጋረጃው ልጅ ልቡን ሰጠኝ!»

ሰፊዋ ስልኩን ተቀብላ አነበበች። ከጠዋት ጀምሮ በልቧ ስትደጋግመው የዋለችው ቃል፣ ነጥቡ ሳይቀር።

«ለካ ለሁሉም ነው የሚልከው» አለችና ቲቪውን ከሶኬቱ ነቀለችው።

ሽቦ ስህተቱን በሩብ ሰዓት አረመ። የነቀለችውን ግን ከቢሮ ሆኖ ማረም አይቻልም። ዓርብ፣ ከቲቪ የመጣ ጥያቄ፦ ዜሮ። ቅዳሜ፦ ዜሮ። እሑድ ከሰዓት አንድ ጥቅል ጨርቅ ሰበብ አድርጎ ቤቷ ሄደ።

በሩን የከፈቱት አባቷ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር።

«አንተ ነህ ከተማውን በሙሉ ላግባ ያልከው?»

«አባባ፣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አምስት ደቂቃ ይስጡኝና ላሳይዎ።»

ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። ሽቦ ቲቪውን ሰካ፤ ስለ ሄደሩ፣ ስለ ቅጂው፣ ስለ ረሳው ትእዛዝ እየተንተባተበ ተናገረ። ከዚያ ወደ አክስቷ ዞረ።

«እትዬ፣ እስኪ በስልክዎ ይክፈቱት።»

አክስቷ ከፈቱ። መጋረጃ፣ ዋጋ፣ ቀለም፤ ሌላ ነገር የለም።

«ወይ ጉዴ! ሳላገባ ተፈታሁ?»

ግድግዳው ላይ ባለው ቲቪ ግን ቃሉ በትልልቅ ፊደል በራ፦ «ካንቺ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። ምን ትያለሽ?»

የስፌት መኪናው ዝም አለ።

«ሄደሩ» አለች ሰፊዋ ቀስ ብላ፣ «ሪሞቱን ማን እንደያዘ ይነግርሃል?»

«አይነግረኝም።»

«ያነበበው አባዬ ቢሆንስ?»

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እውነቱን ለመናገር አንብቤዋለሁ። መጥፎ አልተጻፈም።»

«አየህ? ቲቪውን ጠይቀሃል። እኔን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።»

ሽቦ የጨርቁን ጥቅል መሬት አስቀመጠ። የሚደበቅበት ነገር ሲያጣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አንድ እርምጃ ቀረበ።

«እፈራሻለሁ» አለ። «ስትመጪ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ሦስት ቀን ስታኮርፊኝ ግን ሁሉም ነገር ጠፋኝ። አግቢኝ።»

ቀና ብላ አየችው። አሁንም አየችው። ከንፈሯ ዳር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። አክስቷ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ አባቷ መታገሥ አቅቷቸው። «በቁሙ ሊሞትብን ነው እኮ፣ መልሽለት እንጂ!»

«ትንሽ ይቁም አባዬ፤ ደስ እያለኝ ነው» አለችና እጇን ሰጠችው።