አትሽጠው ያለችው እሷ ናት

ባምላክ ቀዩን መኪና አራት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ነው የሠራው። ከውጭ የመጣ ባለሁለት በር የስፖርት መኪና ነበር። ባለቤቱ ገልብጦት፣ አዘዞ ባምላክ በሚሠራበት ጋራዥ ጥግ ጥሎት ቀረ። ሌሎቹ መካኒኮች «ለዶሮ ቤት ይሆናል» እያሉ ሲስቁ ባምላክ በብረት ዋጋ ገዛው። ከሥራ ሲወጣ ይፈታዋል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይገጥመዋል። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሣ ዕለት ብቻውን ነበር። መሪውን ይዞ አለቀሰ፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

ፀደይን ያገኛትም በዚሁ መኪና ነው።

የሰኔ ዝናብ ድንገት የወረደበት ከሰዓት በኋላ ነበር። አንዲት ወጣት ነጠላዋን ለእናቷ ደርባ፣ ራሷ እየበሰበሰች፣ የኮላ ድባ ሚኒባስ በሚጠበቅበት ቦታ ቆማ አያት። አልፏቸው ሄደ። ትንሽ እንደራቀ ልቡ አላስችለው አለና ወደ ኋላ ነዳ።

«እማማ፣ ይግቡ። አደርሳችኋለሁ።»

እናቲቱ ወይዘሮ አየለች ጎንበስ ብለው መኪናውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ይህ መኪና ቁጭ ብሎ ነው እንዴ የሚሄድ?»

ልጅቷ ሳቀች። ባምላክ ውሃ ከፊቷ እየወረደ የሳቀችውን ያን ሳቅ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቦታል።

እናትዮዋን ፊት አስቀመጡ። ፀደይ ከኋላ ባለችው ጠባብ ቦታ ጉልበቷን አገጯ ሥር አጥፋ ተወሸቀች። ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ በላብራቶሪ ትሠራለች፤ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ ነው የምትኖር። እናቷ የልብ ሕመምተኛ ስለሆኑ በየወሩ ከደምቢያ እየመጡ ይታከማሉ።

«አንተስ ኮላ ድባ ምን ጉዳይ አለህ?» አለችው ከኋላ።

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«እንጃ።»

በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። ወይዘሮ አየለች ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ፈገግታቸውን ግን አልደበቁም።

በዓመቱ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ሽማግሌ ተላከ። የፀደይ አባት አያ ካሣዬ ብዙ አላስለመኑም። ሠርጉ ለጥር ተቀጠረ።

ከሠርጉ በፊት ግን አንድ የዘወትር መኪና ያስፈልግ ነበር። ቀዩ መኪና ሆዱ መሬት ሊነካ የቀረው ነው፤ ከአስፋልት ሲወርድ ይጮኻል። የወላጆቿ መንደር ደግሞ ከኮላ ድባ ወዲያ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር የሚያስኬድ የገጠር መንገድ አለው።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ወለቃ ድረስ ሄደው ፋንታሁን የተባለ መምህር የሚሸጠውን ፒካፕ አዩ። ረጅም፣ አቧራ የለበሰ፣ አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ነው። ባምላክ ከሥሩ ገብቶ ብዙ ቆየና ጀርባው አፈር ለብሶ ወጣ።

«የኛ መኪና ይኼ ነው» አላት። «ክረምት የደምቢያ ጭቃ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ያለ ነው። እናትሽን ከደጃፋቸው እናነሣቸዋለን።»

«ቀዩስ?»

«ባሕር ዳር አንድ ሰው ፈልጎታል። እሱን ካልሸጥኩ ይኼን አንገዛም።»

ቀለል አድርጎ ነው የተናገረው። እጁን ግን በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ ከጠራ በኋላም ጣት በጣት ይጠርግ ነበር። ፀደይ እጁን አየች። ቀና ስትል ዓይኑን ከእሷ አሸሸ።

«አትሽጠው» አለችው።

«ምን?»

«አትሽጠው። ረከስ ያለ የቤት መኪና እንፈልግ። ኮላ ድባ ድረስ ካደረሰን ይበቃል፤ እማዬ እስከዚያ በጋሪ ትመጣለች።»

«ክረምት ሲሆንስ?»

«ክረምቱ ስንት ወር ነው?»

ባምላክ መልስ ነበረው። ጋራዡ ውስጥ የገጠር መንገድ የሰበራቸውን መኪኖች ሲጠግን ነው የኖረው። ነገር ግን ደስታው ቀደመው፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ። እጇን ይዞ ዝም አለ።

በሳምንቱ አንድ አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ገዙ። «ነጩ ለእንጀራ፣ ቀዩ ለነፍስ» እያለች ታሾፍበት ነበር። አንድ እሑድ በቀዩ መኪና ጎርጎራ ወረዱ። ጣና ዳር ተቀምጠው ስለሠርጉም ስለቤቱም አላወሩም። ውሃውን እያዩ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ዋሉ። በሕይወታቸው የተሻለ ቀን አልነበራቸውም።

ሐምሌ መጣ። ነጩ መኪና የማርሽ ሳጥኑ ተበላሽቶ ተፈታ፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አያ ካሣዬ ደወሉ።

«ፀደይ፣ እናትሽ ትንፋሽ አጥሯታል። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው ያደረችው። አምቡላንሱ ወላድ ሊያነሣ ሌላ ቀበሌ ሄዷል አሉን።»

የቀረው ቀዩ መኪና ብቻ ነበር።

እስከ ኮላ ድባ አስፋልቱን እንደ ነፋስ በላው። ከከተማው ወጥተው ወደ መንደሩ መንገድ ሲታጠፉ ግን ዋልካ ጭቃው አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው። ጥቂት እንደተጓዙ መኪናው በሆዱ ተቀመጠ። ባምላክ ወርዶ ገፋ፤ ድንጋይ አነጠፈ፤ ጃኬቱን አውልቆ ከጎማው ሥር ከተተ። ጎማው ባዶውን እየዞረ ጭቃ ረጨው። ፀደይ ጫማዋን አውልቃ በእግሯ ገሠገሠች። በሩን ሳይዘጋ ተከተላት።

የመንደሩን ሰዎች መንገድ ላይ አገኟቸው። ወይዘሮ አየለችን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ላስቲክ አልብሰዋቸው ይመጣሉ። ፀደይ ላስቲኩን ገለጠች።

እናቷ ዓይናቸውን ከፈቱ። «መጣሽ?»

«መጣሁ እማዬ። መኪናው ቅርብ ነው።»

ቅርብ አልነበረም።

«አንቺ ከመጣሽ ይበቃኛል» አሉ።

ባምላክ ከአንዱ ሽማግሌ የቃሬዛውን ጫፍ ተቀበለ። በዝናቡ ውስጥ ተጓዙ። ፀደይ ጣቷን የእናቷ እጅ አንጓ ላይ አድርጋ ከጎን ትሮጥ ነበር። ሜዳው ጭው ያለ ነው፤ ቀዩ መኪና ከሩቅ ይታያል። ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ፀደይ ቆመች።

«አውርዷት» አለች።

ማንም አልጠየቃትም።

ከአርባው በኋላ አያ ካሣዬ ባምላክን ለብቻው ጠርተው፣ «የመጣባት ቀኗ ነው ልጄ። ከቤቴ አትራቅ» አሉት። ፀደይ ከጓዳ ሰምታለች። ወጥታ ግን አባቷ ያሉትን አልደገመችም።

መስከረም አጋማሽ ላይ ማራኪ ከተከራየችበት ግቢ ደጃፍ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። ወጣች። ባምላክ ከዚያው ወለቃ ካዩት ፒካፕ ወርዶ ቆሟል። ከስቷል።

«ሸጥኩት» አላት። «ፋንታሁን ይኼን ገና አልሸጠውም ነበር።»

መኪናውን አየችው፤ አልነካችውም።

«ለምን ይዘኸው መጣህ?»

«እኔ እንጃ። እንድታዪው።»

«አትሽጠው ያልኩህ እኮ እኔ ነኝ፣ ባምላክ። አንተ ልትሸጠው ነበር።»

«ስትዪኝ ደስ አለኝ። መንገዱን አውቃለሁ፣ ክረምቱን አውቃለሁ። አውቄ ዝም አልኩ።»

«እንዲህ አትበል።»

«እውነት ነዋ።»

«እውነት ስለሆነ ነው አትበል የምልህ።»

አንድ ሚኒባስ እየጮኸ አለፈ። ሁለቱም እሱን ያዩ መሰሉ።

«ጠላሽኝ?» አላት።

«ብጠላህማ ቀላል ነበር።» ድምጿ ቀነሰ። «ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ፊትህ ነው። ወለቃ ላይ አትሽጠው ስልህ እንዴት ደስ እንዳለህ። ያንን ፊት ብዬ ነው እናቴን ያጣኋት። አሁንም ቢሆን ያንን ፊት የምመርጥ ይመስለኛል፤ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።»

ባምላክ ተመልሶ ጋቢና ገባ። መኪናውን አስነሥቶ ቀስ ብሎ ሄደ።

ጥር ገባ፤ የተቀጠረው ቀን ሠርግ ሳይኖርበት አለፈ። የካቲት ላይ ፀደይ ወደ ደባርቅ ዝውውር አገኘች። ባምላክ ከሰው ሰምቶ ደወለላት።

«ዕቃሽን እኔ ላድርስልሽ» አላት። «ሌላ ምንም አልልሽም።»

ቃሉን ጠበቀ። ወለቃ ሲደርሱ ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች መንገድ ዳር ዕቃቸውን ደርድረው ነበር፤ ሁለቱም ፊታቸውን አላዞሩም። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ ሲበረታ ሹራቡን አውልቆ ጭኗ ላይ አኖረላት። ለበሰችው። ዳባት ቆመው ሻይ ጠጡ። ሻዩ እስኪበርድ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ የባምላክን ጣቶች ታይ ነበር፤ ቀና ሲል ወደ ውጭ አየች።

ደባርቅ ሲደርሱ አልጋውን አውርዶ፣ ተሸክሞ አስገባ፤ ተንበርክኮ ብሎኑን ያጠብቅ ጀመር። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ወለተሩፋኤል በር ላይ ቆመው ያያሉ። ደግ፣ ወሬ የሚወዱ ሴት ናቸው።

«ባልሽ ሸጋ ነው» አሏት ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «እጁ ሥራ ያውቃል።»

ፀደይ ጎንበስ ብላ የካርቶኑን ገመድ መፍታት ያዘች። ባምላክም የጠበቀውን ብሎን እንደገና አጠበቀ።

ሲጨርስ ቆመ። ውሃ ሰጠችው፤ ጠጣ። ብርጭቆውን ሲመልስላት ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ አንዳቸውም እጃቸውን ለመሰብሰብ አልቸኮሉም።

«በይ ደህና ሁኚ» አላት።

«በሰላም ግባ።»

ሹራቡን እንደለበሰች ነበር። ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ አልጠየቃትም፤ አላወለቀችውም።

መኪናው ታጥፎ ከዓይን እስኪጠፋ በር ላይ ቆየች። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል አጠገቧ መጡ።

«ምነው ሳያድር ሄደ? መቼ ነው የሚመለሰው?»

ባሌ አይደለም ልትል አፏን ከፈተች።

«ሥራ አለበት» አለች። «መንገዱም ሩቅ ነው።»

ከዚያ ገብታ አልጋውን አነጠፈች።