አርባ የተደሰቱ መንገደኞች

ሲው ላን ዓርብ ጠዋት በፔናንግ ወደብ፣ በመጋዘኑ ደረጃ ግርጌ ሞታ ተገኘች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነበር፤ ከከተማ ወደ መርከባቸው የሚመለሱትን ጎብኚዎች የወደቡ በር ላይ እያስቆመች፣ «ከተማችን አስደሰተቻችሁ?» ብላ ቅጽ ማስሞላት። ቦርሳዋ ውስጥ የሐሙሱ መርከብ መንገደኞች አርባ ቅጾች ነበሩ። አርባውም «በጣም ተደስቻለሁ» ይላሉ።

ኢንስፔክተር ሮሃይዛ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ከሟቿ ሌላ የመጋዘኑ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የአስጎብኚ አውቶቡሱን ሹፌር ሙሩጋንን ጠራችው።

«ረቡዕ ዕለት ሰው ፊት ጮኸህባታል አሉ።»

«ጮኼባታለሁ፤ ምን እደብቅዎታለሁ? የመርከቡ ድርጅት በቅጹ ያገኘነውን ነጥብ አይቶ ነው የሚወስነው። ከወረደ ከርሞ አይመጡም። 'ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ ማን ያይሻል?' ብላት፣ 'ያሉትን ነው የማስረክበው' አለችኝ። ግትር ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና።»

«ትናንትስ የት ወሰድካቸው?»

«የት እወስዳቸዋለሁ? ናዳ ወርዶ ወደ ኮረብታው አናት የሚያወጣው ባቡር ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነበር። ቤተ መቅደሱ ጥግ ዝናብ ተጠልለው ዋሉ። ስድባቸውን ጠጥቼ መለስኳቸው።»

ከሲው ላን ጋር በሩ ላይ የምትቆመው ማስቱራ ዓይኗ አብጧል።

«ሁሉም እየተነጫነጩ ነው የሞሉት። ኢንስፔክተር፣ እብድ ይበሉኝ፤ ዛሬ በዚያ በር ሳልፍ ድምጿን ሰማሁት። 'አስደሰተቻችሁ?' ስትል።»

«እብድ አልልሽም» አለች ሮሃይዛ። እሷም እዚያው በር ላይ ማን እንዳስቆማት ሳታውቅ ቆማ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም።

የጎብኚዎች ጉዳይ ኃላፊው ኩ ቤንግ ሆክ ረጋ ብሎ መለሰ። «ሐሙስ ንጋት ኳላ ላምፑር ሄጄ አመሻሽ ላይ ነው የገባሁት፤ በቀጥታ ወደ ቤቴ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከወለሉ ሥር፣ መጋዘኑን ባሕሩ ላይ ባቆሙት ምሰሶዎች መሃል፣ ማዕበሉ ቀለማቸው የታጠበ ወረቀቶችን እየገፋ ያመጣ ነበር።

«እነዚያ እውነተኞቹ ቅጾች ናቸው» አለች። «የተናደዱ ሰዎች የሞሏቸው። ገዳዩ ነጥቡን ብቻ አይቶ እነሱን ባሕር ጥሎ፣ ቦርሳዋ ውስጥ እነዚህን ተካ። ከአርባው አሥራ አንዱ ከኮረብታው አናት የሚታየውን ያደንቃሉ። ትናንት ግን ኮረብታው ላይ የወጣ ጎብኚ የለም። ሙሩጋን ያውቃል፤ አውቶቡሱን ያዞረው እሱ ነው። ማስቱራም ታውቃለች፤ እሮሮውን ስትሰማ ውላለች። ይህን ሊያውቅ የማይችለው ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ያልነበረው ሰው ነው።»

ኩ ወደ መሬት አቀረቀረ።

«ወረቀቱን ነው የሳብኩት። እሷ አልለቅም ብላ ወደቀች። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ።»

«አቶ ኩ፣ ሲጽፉ ሞታ ነበር?»



«'ሰው ይጥሩልኝ' አለችኝ። ሁለት ጊዜ» አለ። «'ቆይ ልጨርስ' አልኳት።»