የአሥራ ሁለቱ ቀሚሶች ስም

ጤናዬ የሞተችው ሐምሌ 13 ቀን 1963 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ የደብረ ማርቆስን የቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲደበድብ ነው። መቶ አለቃ ዓባይ ሲደርስ በልብስ ስፌት ቤቷ ጓዳ ውስጥ፣ በጠባቧ አልጋ ላይ በጎኗ ተኝታ አገኛት። ጫማዋን አውልቃ ከአልጋው ሥር አስተካክላ አስቀምጣለች። የስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ ነው። ከንፈሯ ከወትሮው ይልቅ ቀልቶ፣ በሕይወት ያለች ትመስላለች። ከራስጌዋ አጠገብ አንድ የከሰል ማንደጃ ቆሟል፤ ፍሙ አመድ ለብሷል።

ድረስ ለተባለው አሥር አለቃ ነገሩ ግልጽ ነበር። በርዷታል፣ ከሰል አስገብታለች፣ ዘግታ ተኝታለች። በየክረምቱ እንዲህ የሚሞት ሰው አይታጣም።

ዓባይ የመስኮቱን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። በሳንቃው ስንጥቅ ሁሉ የአቡጀዲ ቁርጥራጭ ተጠቅጥቆበታል። ከመስኮቱ ሥር በባለ ጥለት ቁርጥራጭ የተሞላ ቅርጫት አለ፤ እሱ ግን አልተነካም። የሚጣለው አቡጀዲ ያለበትን ጆንያ ያገኘው በፊተኛው ክፍል፣ ከስፌት መኪናው ሥር ነው።

«እስካዝዝ ድረስ ማንም እሪ እንዳይል» አለ። «ቅርቦቿን አስጠራ። መቶ አለቃ ይፈልጋችኋል ብቻ ይበሏቸው፤ ሌላ ቃል አይጨመር።»

በፊተኛው ክፍል አሥራ ሁለት ቀሚሶች በገመድ ላይ ተሰቅለዋል። ነገ ጎህ ሲቀድ በሚነሣው አውቶቡስ፣ አዲስ አበባ ለሚከፈተው የልብስ ትርኢት ሊሄዱ የተዘጋጁ ናቸው። ጥለቱ ባልተለመደ ቦታ ገብቶባቸዋል፤ በእጅጌ፣ በጎን፣ በአንደኛው ላይ ደግሞ ከትከሻ እስከ ወገብ በሰያፍ ወርዷል። ዓባይ የሸማኔ ልጅ ነበር። ባልደረቦቹ ሲተርቡት «መወርወሪያውን ጥሎ ሽጉጥ ያነሣው» ይሉታል። አንዱን ቀሚስ ገልብጦ አየ። በአንገቱ ውስጥ ጣት የምታህል ቦታ በጠመኔ ተከልላ ባዶዋን ቀርታለች። የሌሎቹም እንደዚያው ነው። አንድ ነገር ሊሰፋባቸው ይጠበቅ ነበር።

አስከሬኑን ያገኙት ሁለት ሰዎች በረንዳው ላይ ቆመዋል። ሐምዱ በጎረቤት በረንዳ ላይ አርባ ዓመት የሰፋ ሽማግሌ ነው። ሸምሲያ ደግሞ ከቤቷ ሆና ለጤናዬ ጥልፍ የምትጠልፍ ልጅ ናት። አሥር ሰዓት ላይ ሸምሲያ መጥታ ብታንኳኳ በሩ ተቆልፏል። የጤናዬ ቁልፍ ኋላ እንደታየው ከውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሁለተኛው ቁልፍ የሚቀመጠው ሐምዱ በረንዳ ላይ፣ የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሐምዱ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ መስጊድ ነበረ። ዝናቡ አግቶት እስከ ዘጠኝ አልተመለሰም። ቁልፉን ግን ከቦታው አግኝቶ ከፈተ።

«ጋሽ ሐምዱ፣ ከሰል ጓዳ ታስገባ ነበር?» አለ ዓባይ።

«ጤናዬ? ካውያዋን እዚህ በረንዳ ላይ ታግላለች፤ አመዱን አራግፋ ነው የምታስገባው። ማንደጃ ይህን ደጃፍ አልፎ አያውቅም።»

ምክንያቱንም ነገረው። ከስድስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ስፌት ተምራ ስትመለስ የነበራት አንድ መቀስ ብቻ ነው። ሐምዱ ከበረንዳው ጥግ ሰጣት። የከተማው ሴቶች ቀሚሷን አይተው ጥለት በእጅጌ የት አገር ነው እያሉ ሳቁባት። እሷና አብራት የምትሰፋው አብሮ አደጓ ጥሩነሽ ልብሱን ተሸክመው ደብረ ኤልያስና ይጁቤ ገበያ ወጡ፤ ብዙ ጊዜም እንደወሰዱት መለሱት። በሁለተኛው ዓመት አንዲት ሙሽራ ደፍራ አዘዘቻት። በሠርጉ ዋዜማ ከማንደጃው አንድ ፍንጣሪ ዘለለና ቀሚሱን አቃጠለው። ጤናዬ ሳትተኛ ሌላ ሰፍታ አደረሰች። ሙሽራዋን ያዩ ሁሉ መጡ፤ ይህ ቤት የተከፈተው ያኔ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰል ጣሪያ ሥር አላስገባችም።

«በዚህ ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም» አለ ሐምዱ። «ከምሳ በኋላ ጥቂት ጋደም ትላለች። ይህንንም ሁላችን እናውቃለን።»

ዓባይ ወደ ሸምሲያ ዞረ። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ ይዛለች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«አደራ ነው፣ ጌታዬ። አዲስ አበባ እስክንሄድ ለማንም እንዳታሳዪ ብላኛለች።»

«ሞታለች እኮ፣ ልጄ።»

«እሷ ብትሞት አደራዋ ይሞታል?»

አሥር አለቃ ድረስ ጥቅሉን ሊቀማት እጁን ዘረጋ፤ የምትደብቀው ነገር ካላት ጣቢያ ሄዳ ትናገራለች አለ። ሸምሲያ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ዓባይ አሥር አለቃውን በዓይኑ ከለከለው፤ ልጅቱን ግን እስከ ማምሻው ካልሰጠች ከእስር እንደማያድናት ቀስ ብሎ ነገራት።

ኃይለ ሚካኤል ሲደርስ ጠጅ ጠጅ ይሸት ነበር። መምህር ነው፤ ጤናዬን አጭቷት ነበር። እኩለ ቀን ላይ በረንዳው ላይ ሲጣሉ ሐምዱ ሰምቷል። አልካደም። «አዲስ አበባ ከሄድሽ አልጠብቅሽም አልኳት» አለ። «አትጠብቀኝ አለችኝ።» ከዚያ ጠጅ ቤት ገብቶ እስኪጠራ አልወጣም፤ ሊጠራው የሄደው ፖሊስም ባለቤቲቱን ሲጠይቃት መስክራለታለች።

ጥሩነሽ ከሁሉ በኋላ መጣች። ዝናቡ አበስብሷታል። የነጠላዋ ቀይ ጥለት ቀለሙን ለቆ አንገቷ ላይ ቀጭን መሥመር አስምሯል።

«ምነው፣ አውቶቡሱ ቀረ እንዴ?» አለች።

ዓባይ መርዶውን ራሱ ነገራት። ጥሩነሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ፊቷን ልትታጠብ ጓሮ ገባች፤ ስትመለስ ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ቤቷ ተቀምጣ አዝራር ስትተክል እንደዋለች፣ እስክትጠራ ደጅ እንዳልወጣች፣ ሰውም እንዳልመጣባት ተናገረች። ድንገት ቀሚሶቹን አየች።

«ድካሟ ሜዳ ላይ እንዳይቀር እኔ ይዣቸው ልሂድ።»

«በማን ስም?» አላት ዓባይ።

ጥሩነሽ ዓይኗን ከቀሚሶቹ ነቀለች። በተከፈተው የጓዳ በር የጤናዬ ጫማዎች ይታያሉ።

ዝናቡ ሲያባራ ዓባይ ሁሉንም በቀሚሶቹ ሥር አስቀመጣቸው። አሥር አለቃው በሩን ዘጋ። ክፍሉ ጨለም አለ። አሥራ ሁለቱ ቀሚሶች በስንጥቅ በሚገባው ንፋስ ቀስ እያሉ ሲወዛወዙ፣ ቆመው የሚሰሙ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

«ከሰሉን ያስገባችው እሷ አይደለችም» ብሎ ዓባይ ጀመረ። «የተቃጠለውን ቀሚስ ያልረሳች ሴት ማንደጃ ራስጌዋ አታቆምም። እንቅልፍ እስኪጥላት የጠበቀ ሰው፣ ካውያ የሚግልበትን ማንደጃ ፍሙን እንደያዘ ከበረንዳ አንሥቶ አስገባ። መስኮቱን ጠቀጠቀ፤ በሩን በሁለተኛው ቁልፍ ቆልፎ፣ ቁልፉን ከቆርቆሮው መለሰ።»

በእጁ ወደ ጓዳው አመለከተ።

«መስኮቱ ሥር ባለ ጥለት ቁርጥራጭ ሞልቷል። እንግዳ ሰው እጁ ያገኘውን ይጠቀጥቃል። ይህ ሰው ግን ፊተኛው ክፍል ተመልሶ የሚጣለውን አቡጀዲ መርጦ አመጣ። በዚህ ቤት ጥለት አይባክንም። እጅ የለመደውን አይረሳም፤ ለመግደል ሲገባም እንኳ። መምህሩ ይህን አያውቅም፤ እሱ ጠጅ ቤት ነበር። ጋሽ ሐምዱን መስጊድ ሙሉ ሰው አይቶታል። የቀሩት ሁለት ናቸው።»

ሸምሲያ ጥቅሏን አጥብቃ ያዘች።

«ጥሩነሽ» አለ ዓባይ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እስክትጠሪ ድረስ መርዶ የነገረሽ ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ከሌላ ለቅሶም አልመጣሽም?»

«ከቤቴ አልወጣሁም አልኩህ እኮ፣ መቶ አለቃ።»

«እንግዲያው አንገትሽን ለጋሽ ሐምዱ አሳዪው።»

እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ቀዩ መሥመር ደርቆ እንዳለ ነበር።

«ጋሽ ሐምዱ፣ በደህና ቀን የነጠላ ጥለት አንገት ላይ ይውላል?»

ሽማግሌው መሥመሩን አየ። «አይውልም» አለ። «ነጠላ ተዘቅዝቆ ጥለቱ አንገት ላይ የሚውለው ለሐዘን ነው።»

«አዘቅዝቀሽ መጣሽ» አላት ዓባይ። «ሞቷን ገና ሳትሰሚ። ጓሮ ገብተሽ አስተካከልሽው፤ ቀለሙ ግን አልለቀቀሽም።»

ጥሩነሽ አልካደችም። እጇን ከአንገቷ አውርዳ ጭኗ ላይ አኖረች።

«ሳላስበው ነው» አለች። «እኅቴ ሞታ እንደ ደህና ቀን ለብሼ እንዴት ልውጣ?»

ሐምዱ ፊቱን አዞረ። ጥሩነሽ ሰያፍ ጥለት ወዳለበት ቀሚስ አገጯን አነሣች። ያንን ያሰበችው እሷ እንደሆነች፣ ግማሾቹን የቆረጠችው እሷ እንደሆነች፣ የትርኢቱ ደብዳቤ ሲመጣ የራሷን ስም ሦስት ጊዜ ፈልጋ እንዳጣችው ነገረቻቸው። «ነገ በአንገታቸው የእሷን ስም ልትሰፋ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ማን እባላለሁ?»

«ጠየቅሻት?» አለ ዓባይ።

«ልመና መሰለኝ።»

ዓባይ ወደ ሸምሲያ ዞረ። «ልጄ፣ አደራሽን የምታስረክቢበት ሰዓት ይህ ነው።»

ሸምሲያ ወረቀቱን ፈታች። አሥራ ሁለት ቁራጭ ነጭ ጨርቆች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጣት ያህላሉ፤ በቀይ ክር ጽሑፍ ተጠልፎባቸዋል። ፊደል እንደማትለይ፣ ጤናዬ ከሁለት ሳምንት በፊት በወረቀት የሰጠቻትን አይታ እንደገለበጠች ተናገረች። ዓባይ አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋ። መጀመሪያ በዓይኑ፣ ከዚያ ድምፅ አውጥቶ አነበበ።

«ጤናዬ እና ጥሩነሽ። ደብረ ማርቆስ።»

ጥሩነሽ እጇን ዘረጋች። ዓባይ ጨርቁን ሰጣት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካች፣ ስሟ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ እንደገናም ከመጀመሪያው ጀመረች። አሥር አለቃ ድረስ ክንዷን ሲይዝ ጨርቁን አጣጥፋ ሸምሲያ ጭን ላይ አስቀመጠችው። እንዳይጨማደድ በመዳፏ ዳበሰችው።

ከደጅ የመጀመሪያው እሪታ ተሰማ። መቶ አለቃው ፈቅዷል።

ሐምዱ መነጽሩን አድርጎ ከቀሚሶቹ ሥር ተቀመጠ። ልብሱን ይዛ የምትሄደው ሸምሲያ ናት፤ ሳይነጋ ስፌቱ ማለቅ አለበት። አንዱን ጨርቅ አንሥቶ መቀሱን ሁለተኛው ስም ላይ አሳረፈ።

«ይቆረጥ፣ መቶ አለቃ?»

«ያዘዘችው ጤናዬ ናት» አለ ዓባይ። «ትእዛዟን አልሻረችም።»

ሽማግሌው መቀሱን አስቀምጦ መርፌ ላይ ክር አስገባ። ሸምሲያ ከአጠገቡ አንዱን ጨርቅ አንሥታ ለዓባይ አሳየችው።

«የጤናዬ የትኛው ነው?»

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደሎች በጣቱ አመለከታት። እሷም የቀረውን በአውራ ጣቷ ሸፍና፣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።